ዐሥሩም ደናግል ተኝተው ነበር

ለምክር ዓምዱ ከኮምቦልቻ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። 41 ዓመቴ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ጅቡቲ ሲወርድ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። እናቴ ደሴ ላይ ካረፈች አሥራ አንደኛ ወሯን ይዛለች። ከአርባዋ ወዲህ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ። እጄ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አሁን መሞቴ ነው እላለሁ። ተነሥቼ የሰባቱንም ቀን ውዳሴ ማርያም አነባለሁ፤ አንድ ቃል ከሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሲነጋ ሱቄ ውስጥ አንቀላፋለሁ። ቅሬ (የቀብር ዕድር) ሲጠራ መቀጮ እከፍላለሁ እንጂ ለቅሶ ቤት አልሄድም። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ የምወጣው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። በቁርባን የተጋባን ብንሆንም 'አልተዘጋጀሁም' እያልኩ ከቆረብኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የባሰው ደግሞ አንድ ሰው ጸልዮልኝ 'የሞት መንፈስ ተከትሎሻል፤ ይህን ዓመት አትሻገሪም' አለኝ። እህቴ 'ያመነ ሰው ሞትን አይፈራም' ትለኛለች። ጌታ 'ትጉ' ብሏል፤ እኔ እንቅልፌን ሁሉ ሰጥቼ ሰላም አጣሁ። የጎደለው እምነቴ ነው?»

መልስ

አብሽሪ፣ እህታችን። በደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር ተጠላልፏል፤ ቀስ እያልን እንፈታዋለን። በቅድሚያ ግን «ይህን ዓመት አትሻገሪም» የሚለውን ቃል ከመንገድ እናንሣው፤ እሱ በልብሽ ተቀምጦ ሳለ ሌላው ምክር መግቢያ አያገኝም።

ሐዋርያው ያዕቆብ «ነገ የሚሆነውን አታውቁም» ብሎ ጽፏል (4፥14)። ይህ ለነጋዴውም፣ ለጸለየልሽ ሰውም የተጻፈ ነው። ኢሳይያስ እውነተኛ ነቢይ ሆኖ ለንጉሥ ሕዝቅያስ «ትሞታለህ» ባለው ጊዜ እንኳ ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ቢጸልይ 15 ዓመት ተጨምሮለታል (ኢሳይያስ 38)። ከእግዚአብሔር የመጣ ቃል የንስሐ በር ይከፍታል፤ የሰማሽው ቃል ግን በር ዘግቶ አስቀምጦሻል። ደግሞ አስተውዪ፦ ዓመቱ ሲያልፍ ያ ሰው «ተሳስቻለሁ» አይልም፤ «ጸሎቴ አሻገረሽ» ይልሻል፤ አንቺም ከእሱ እጅ ሳትወጪ ትቀሪያለሽ። ተመልሰሽ አትሂጂ፤ ገንዘብም አትስጪ። የተናገረውን ቃል በቃል ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ብቻሽን ይዘሽው ስትዞሪ የነበረው ነገር በሌላ ሰው ፊት ሲነገር ግማሽ ክብደቱን ያጣል።

አሁን ወደ እህትሽ ቃል። በቅን ልብ እንዳለችው እናምናለን፤ ግን ልክ አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው ቆሞ ሳለ፣ ሊያስነሣው እንደሆነም እያወቀ፣ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አለቀሰ። በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ፤ ወዙም እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ሥጋ ሞትን ይጠላል፤ ሰው ለሞት አልተፈጠረምና። ጥር 21 በአስተርእዮ ማርያም «ሞትሰ ለመዋቲ ይደሉ፤ ሞታ ለማርያም የዐፁብ ለኩሉ» ስንል፣ ሞት ለሟች ይገባል፣ የማርያም ሞት ግን ሁሉን ያስደንቃል ማለታችን ነው። በእመቤታችን ሞት እንኳ ቤተ ክርስቲያን እየተደነቀች ትዘምራለች እንጂ ሞት ቀላል ነገር ነው አላለችም።

እንግዲያ መጽሐፍ የሚከሰው ፍርሃቱን አይደለም፤ የፍርሃቱን ባርነት ነው። የዕብራውያን መልእክት ክርስቶስ ሥጋችንን የተካፈለው «በሕይወታቸውም ሁሉ ስለ ሞት ፍርሃት በባርነት ይታሰሩ የነበሩትን ሁሉ ነፃ እንዲያወጣ» ነው ይላል (2፥15)። ከትንሣኤ ጀምሮ 50 ቀን የምንለዋወጠው ሰላምታም ይኸንኑ ይናገራል፦ «አሠሮ ለሰይጣን፤ አግዐዞ ለአዳም።» አግዐዘ ማለት ከባርነት አወጣ ማለት ነው። ነፃ የወጣ ባሪያ የጌታውን ድምፅ ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል፤ ድንጋጤው መልሶ ባሪያ አያደርገውም። ባሪያ የሚያደርገው ድምፁን ሰምቶ መታዘዝ ነው። ባንቺ ላይ መታዘዙ የታየው በሁለት ነገር ነው፦ ከቅሬው ቀርተሻል፤ ከቁርባኑም ቀርተሻል። የልብሽ መደለቅ ብዙም አላሳሰበንም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አሳስበውናል።

«ትጉ» የሚለውን ትእዛዝ አንቺ «አትተኙ» ብለሽ ተርጉመሽዋል። የማቴዎስ 25ን ምሳሌ እንደገና አንብቢው፤ በተለይ ቁጥር 5ን። ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ሁሉም አንቀላፉ፣ ተኙም። ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም፤ ልባሞቹ አምስቱም ተኝተዋል፤ ማንም አልወቀሳቸውም። የለያቸው በማሰሮ የያዙት ዘይት ነው። ዘይቱ ደግሞ ውካታው ከመሰማቱ በፊት የተያዘ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ልግዛ ያሉት ሄደው ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። አንቺ ዘይት የምትፈልጊው በሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ለዚያውም በተንቀጠቀጠ እጅ። ልባሞቹ ሙሽራውን እየጠበቁ ተኙ፤ አንቺ የልብሽን ምት እየጠበቅሽ ትነቂያለሽ። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ሁሉ ዘይቱን ወደ ቀን ለማዛወር ነው።

ከሥጋሽ እንጀምር። ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አንድ ጊዜ፣ በደንብ ተመርመሪ፦ የደም ግፊት፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን። ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራም፣ ደም ሲያንስም ልብ ይደልቃል። ደህና ነሽ ከተባልሽ ግን ምርመራውን በየወሩ አትደጋግሚ። መደጋገሙ ለሁለት ቀን ያሳርፍና ፍርሃቱን መልሶ ያደልበዋል። ደረትሽ ላይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ስትሠሪ ወይም ዳገት ስትወጪ የሚመጣ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ካለ ግን ሳታመነቺ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የጻፍሽልን ምልክት ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት አደጋ የመጣ መስሎት ደወል ይመታል። ትንፋሽ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትሽ የሚደነዝዘው፣ ራስሽም ቢያዞርሽ በዚህ ነው። ማዕበሉ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና ራሱ ይወርዳል። ስለዚህ መቆም ያለብሽ 10 ደቂቃ ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። ቡናውንም እናንሣ፤ በወሎ ቤት ቡና ተው ማለት ከባድ ነው፣ ተዪም አንልም። ከቡና የሚገኘው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አቦልም ሆነ በረካ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን፤ በጾም ቀን ደግሞ በባዶ ሆድ አትጠጪ። በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡና እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ለፈራ ሰው የእጅ መንቀጥቀጥ የሞት ምልክት ይመስላል።

ስትነቂ የምታደርጊው ይህ ነው። ቁጭ በዪና እግርሽን መሬት አስነኪ። የእጅሽን ምት አትንኪ። ስልኩንም አትንኪ፤ ባለቤትሽ የሚሌን መንገድ ይዞ ይሆናል፣ ያንቺ ድንጋጤ ለእሱም አደጋ ነው። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር ሳቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አውጪ። ስትስቢ በልብሽ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ»፣ ስታወጪ «ማረኝ» በዪ። መቁጠሪያ ካለሽ 41 ጊዜ፤ ከሌለሽ በጣትሽ። ረጅም ጸሎት በዚያች ሰዓት አትጀምሪ፤ በፈጣን ትንፋሽ ሲነበብ ፍርሃቱን ያፋጥነዋል። ማዕበሉ ሲወርድ መዝሙር 90ን አንድ ጊዜ አንብቢ (በአንዳንድ የአማርኛ እትም 91 ነው)፤ «ከሌሊት ግርማ» የሚለው እዚያ ነው። ከዚያ መብራቱን አጥፊና ተኚ። እንቅልፍ ባይወስድሽም ጋደም በዪ። ይህም ያጽናናሽ፦ በእሑድና በበዓላት ሌሊት አንቺ በነቃሽበት ሰዓት ካህናትና ደብተራዎች ማኅሌት ቆመዋል። ሰዓቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሞት አይደለም።

የጸሎት ሥርዓትሽ ግን መስተካከል አለበት። ሰባቱን ቀን በአንድ ሌሊት ማንበብና በአንድ ቃል ምክንያት ከመጀመሪያው መጀመር ጸሎትን ክታብ ማድረግ ነው። «ካልጨረስኩ እሞታለሁ» የሚል ሰው የሚያናግረው አምላክን ሳይሆን ሞትን ነው። ውዳሴ ማርያም በየቀኑ የተከፈለው በምክንያት ነው፤ የዕለቱን ብቻ አንብቢ። ዳዊት ከጨመርሽ የተለመደው ክፍል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያት። ይህ ሱቅና ሦስት ልጅ ላላት ሴት ይከብዳል። እኛ የምንለው ለጊዜው በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር ብቻ፣ ጠዋት ሱቅ ከመክፈትሽ በፊት። ያም ከበዛ አምስት። ማታ አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖትና መዝሙር 3። መዝሙር 3 ላይ ዳዊት ልጁ አቤሴሎም እያሳደደው ሳለ ተኛሁ፣ አንቀላፋሁም፣ ነቃሁም ይላል፤ የሚሳደድ ሰው የተኛበት መዝሙር ነው። ቃል ስትስቺ ወደ ፊት ቀጥዪ እንጂ ወደ ኋላ አትመለሺ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ አለመመለስ ከስግደት ይልቅ ይከብድሻል። ልኩን የሚወስነው ግን ንስሐ አባትሽ ነው፤ ቀንሺ ካለሽ ቀንሺ።

ዘይቱ ዋናው ያለው ንስሐና ቁርባን ላይ ነው። «አልተዘጋጀሁም» ብለሽ ሦስት ዓመት መራቅሽ እንዳልበላ አልጠነከርኩም፣ ስላልጠነከርኩም አልበላም እንደሚል በሽተኛ ነው። ንስሐ አባትሽን ሥራ በማይበዛበት ቀን ቀጠሮ ያዢ፤ ከቅዳሴ በኋላ በግፊያ መካከል አይሁን። ኃጢአትሽን በአጭሩ በወረቀት ጻፊ፤ ከተናዘዝሽ በኋላ ወረቀቱን አቃጥይ። ቀድሞ ተናዝዘሽ የተፈታሽበትን ዛሬ መልሰሽ አታንሺ፤ ይህ የብዙዎች ስሕተት ነው፣ ፍርሃት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይሠራዋል። የተሰጠሽን ቀኖና ፈጽሚና ባለቤትሽ ከመንገድ በተመለሰበት ሳምንት አብራችሁ ቁረቡ። ከምግብም ከውኃም 18 ሰዓት መጾም እንዳለ ታውቂያለሽ። መድኃኒት በሰዓት የምትወስጂ ከሆነ ግን ቀድመሽ ለካህኑ ንገሪ፤ በራስሽ ውሳኔ አትዝለይ። ጸበልም እንደዚሁ፦ ጸበል የምትጠመቂ ሆነሽ ሐኪም ያዘዘልሽን ኪኒን ማቆም የለብሽም። ለእንዲህ ያለው ፍርሃት የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ በድንገት ሲቋረጥም ይጎዳል። ምሥጢረ ቀንዲልም ለሕሙማን ነው፤ ሊሞቱ ላጣጣሩ ብቻ አይደለም። «ቀንዲል ካስነበብኩ ጨርሶ መሞቴ ነው» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ከዚህ በረከት አርቋል።

በደብዳቤሽ ሳትጽፊው ያለፍሽው አንድ ነገር ያለ ይመስለናል። ልጆቹ። በሌሊት የሚነቃው ፍርሃት ግማሹ «እነዚህን ማን ያሳድጋቸዋል» የሚል ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ «ቤትህን አስተካክል» ብሎት ነበር፤ ይህ በቀን የሚሠራ ሥራ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ማን ያበደራችሁ፣ ለማን ያበደራችሁ እንደሆነ፣ የሱቁ ዕቁብ ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ፣ የቤት ካርታው የት እንደተቀመጠ በአንድ ደብተር ጻፉ። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ በአንቺም በእነሱም ይፈረማል፤ በራስሽ እጅ የምትጽፊው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅሽ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለው ይሁን። ልጆቹን ማን እንዲይዝልሽ እንደምትፈልጊ እዚያው ጻፊ፤ ያንንም ሰው ቀድመሽ ጠይቂው። ከተጣላሽው ሰው ጋር ታረቂ፤ እርቁ እንደ ኑዛዜው ሁሉ የቤት ማስተካከል ነው። ይህን ከጨረስሽ በኋላ ፍርሃቱ ሌሊት ሲመጣ የሚይዘው እጀታ ያንሰዋል።

ቅሬው። መቀጮ ከፍለሽ በቀረሽ ቁጥር ሰውነትሽ «ባልሸሽ ኖሮ እሞት ነበር» ብሎ ይማራል፤ የሚቀጥለው ጥሪም የባሰ ያስፈራል። በአንድ ቀን መቃብር ድረስ ሂጂ አንልሽም። በመጀመሪያው ለቅሶ ከጎረቤት ጋር ሂጂና ድንኳን ውስጥ 15 ደቂቃ ተቀመጪ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በዪና ተመለሺ። በሁለተኛው እንጀራ ወይም ውኃ ይዘሽ ሂጂ፤ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ልቡን አያዳምጥም። በሦስተኛው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቤተ ክርስቲያን ቁሚ። መቃብሩ ከዚያ በኋላ ነው። ልብሽ ከደለቀ እንኳ ማዕበሉ እስኪወርድ ሳትወጪ ቆዪ፤ ሲደልቅ ከወጣሽ ያለፈው ልፋት ይፈርሳል። አገራችን በዚህ በኩል ታግዝሻለች፦ በወሎ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ቀባሪ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሌሊት በድንጋጤ የሚነቃ ሰው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ለቅሶ ቤት አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴት ያንቺው ሰዓት ላይ ትነቃ ይሆናል።

የእናትሽ ሙት ዓመት ሊደርስ ከሁለት ወር ያነሰ ነው የቀረው። ከሁሉ በፊት የክርስትና ስሟን ጽፈሽ ለካህኑ ስጪ፤ ብዙ ሰው በዓለም ስሟ ብቻ ጠርቶ ይመጣል። ለድግሱ አትበደሪ። ዳቦና ንፍሮ ለቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሚቀመጡት ድኾች ብታደርሺ ተዝካሯ ሙሉ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ሄዳችሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ። ሐረጎ ሲጀምር ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ መታጠፊያውን እያየሽ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ» እያልሽ ውጪ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባዱ ዳገት የዚያ አንድ ክፍል ብቻ ነው። መቃብሯ ዘንድ ስትደርሺ ካህኑ ፍትሐቱን እስኪጨርስ ቁሚ፤ ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፤ ከዚያ ልጆችሽን ይዘሽ ስሟን እየጠራሽ አባታችን ሆይ አድርሺ።